የሃሎጅን ስፖት አምፖልን በኤልኢዲ መተካት፦ ለመኖሪያ ቤት ደንበኞች የተዘጋጀ ማብራሪያ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ሐሙሲት፣ በወረታም ሆነ በሌሎች ከተሞች ቤታቸው በኮርኒስ ውስጥ የተገጠመ ስፖት አምፖል ያለው ደንበኞች የአምፖሉን ዓይነት ሊያጣሩ ይገባል። አምፖሉ በመጠን ትንሽ ቢሆንም ሃሎጅን ከሆነ የወር ሒሳብን በግልጽ ያሳድጋል።

የፍጆታ ልዩነት

የተለመደው ሃሎጅን ስፖት 50 ዋት ይወስዳል፤ አብዛኛውንም ኃይል ወደ ሙቀት ይለውጣል። ተቀራራቢ ብርሃን የሚሰጠው ኤልኢዲ ግን ከ5 እስከ 7 ዋት ይበቃዋል። ለምሳሌ በአንድ ሳሎን 6 ሃሎጅን አምፖሎች በቀን ለ5 ሰዓት ቢበሩ በ30 ቀን 45 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃሉ። በ6 ዋት ኤልኢዲ ቢተኩ ፍጆታው 5.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ይሆናል።

የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በፍጆታ እርከን የተከፋፈለ ሲሆን ዝቅተኛው እርከን እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ስለዚህ የአንድ ሳሎን ሃሎጅን ብቻውን ይህን እርከን ሊሞላው ጥቂት ይቀረዋል፤ ምጣድ፣ ማቀዝቀዣና ቴሌቪዥን ሲጨመሩ ቤተሰቡ ወደ ከፍተኛ ዋጋ ይሸጋገራል።

የእሳት ሥጋት

ሃሎጅን አምፖል እጅግ ስለሚሞቅ ከባሕር ዛፍ እንጨት፣ ከአቡጄዲ ኮርኒስ ወይም ከተላጠ ሽቦ ጋር ከተጠጋ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ኤልኢዲ የሚያመነጨው ሙቀት አነስተኛ በመሆኑ ሥጋቱን ይቀንሳል።

ከመለወጥ በፊት

1. ማብሪያ ማጥፊያውን ብቻ ሳይሆን የቤቱን ዋና መቁረጫ ያጥፉ፤ አምፖሉ እስኪቀዘቅዝም ይጠብቁ።
2. በአምፖሉ ላይ የተጻፈውን ቮልት ያንብቡ። 220 ቮልት ከሆነ ተመሳሳይ መሠኪያ ባለው ባለ 220 ቮልት ኤልኢዲ መተካት ይቻላል።
3. 12 ቮልት ከሆነ በኮርኒሱ ውስጥ ትራንስፎርመር አለ ማለት ነው። ለሃሎጅን የተሠራ ትራንስፎርመር በአነስተኛ ጭነት በትክክል ላይሠራ ስለሚችል ኤልኢዲው ሊርገበገብ ወይም ላይበራ ይችላል። ትራንስፎርመሩን ወይም መስመሩን ባለሙያ እንዲለውጠው ያድርጉ። የ12 ቮልት አምፖል በቀጥታ ከ220 ቮልት መስመር ጋር ፈጽሞ መገናኘት የለበትም።
4. ሲገዙ ከዋት በተጨማሪ የብርሃኑን መጠን የሚገልጸውን ሉመን ያነጻጽሩ። የሃሎጅን ዓይነት ሞቅ ያለ ቀለም ለሚፈልጉ ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን የተጻፈበት ተስማሚ ነው።

ውጤቱን ማረጋገጥ

ከመለወጥዎ በፊትና በኋላ ለእኩል ቀናት የቆጣሪውን ንባብ መዝግበው ያነጻጽሩ። ቆጣሪውን መክፈትም ሆነ ማሽጊያውን መንካት ክልክል ነው። የቆጣሪ ወይም የመስመር ብልሽት ሲያጋጥም ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 የጥሪ ማዕከል ወይም በአቅራቢያዎ በሚገኘው የአገልግሎት ማዕከል ያመልክቱ።

ሁሉንም አምፖሎች በአንድ ጊዜ ለመለወጥ አቅም ከሌለ ረዥም ሰዓት ከሚበሩት መጀመር ይመከራል፤ ቁጠባው ቀድሞ የሚታየው በእነርሱ ላይ ነውና።