ፕሮግራም የሚደረግ ፓራሜትሪክ ኢኳላይዘር፦ የመሣሪያን ጠባይ ከአዳራሽ ጠባይ መለየት

ኢኳላይዘር የአንድን ድምፅ ልዩ ልዩ የድግግሞሽ ክፍሎች ለይቶ የሚያጎላ ወይም የሚቀንስ ማጣሪያ ነው። በግራፊክ ኢኳላይዘር ላይ ማዕከላዊ ድግግሞሾቹ አስቀድመው የተወሰኑ ናቸው፤ በ125 እና በ250 ኸርዝ መካከል ያለ ችግር ሁለቱንም አጎራባች ክፍሎች ሳይነኩ ሊታረም አይችልም። ጆርጅ ማሰንበርግ እ.ኤ.አ. በ1972 ለኦዲዮ ኢንጂነሪንግ ሶሳይቲ ጉባኤ ባቀረበው ጽሑፍ የተብራራው ፓራሜትሪክ ኢኳላይዘር ግን ሦስት ነገሮችን ለተጠቃሚው ይተዋል፦ ማዕከላዊውን ድግግሞሽ፣ የማጉላት ወይም የመቀነስ መጠኑን፣ እንዲሁም «ኪው» የተባለውን የስፋት መለኪያ።

ኪው ማዕከላዊው ድግግሞሽ ለማጣሪያው ስፋት ሲካፈል የሚገኝ ቁጥር ነው። ማዕከሉ 1,000 ኸርዝ ሆኖ ኪው 2 ከሆነ ስፋቱ 500 ኸርዝ፣ ኪው 10 ከሆነ ደግሞ 100 ኸርዝ ይሆናል። ዝቅተኛ ኪው የድምፁን አጠቃላይ ቀለም ይለውጣል፤ ከፍተኛ ኪው አንድን ጉድለት ብቻ ነጥሎ ያርማል። የ6 ዴሲቤል ጭማሪ በዚያ ድግግሞሽ ላይ ቮልቴጁን በእጥፍ ገደማ ስለሚያሳድገው፣ ከማጉላት ይልቅ መቀነስን ማስቀደም ሞገዱ እንዳይቆረጥ ይረዳል።

ፕሮግራም የሚደረግ ፔዳል እነዚህን ቁጥሮች መዝግቦ በእግር ርግጫ ወይም በሚዲ ትእዛዝ መልሶ ይጠራቸዋል። የፔዳሉ ቦታም ውጤቱን ይወስናል። ከዲስቶርሽን በፊት ሲቀመጥ የትኛው ድግግሞሽ ይበልጥ እንደሚሻክር ይመርጣል፤ ከኋላ ሲቀመጥ የሻከረውን ድምፅ ይቀርጻል።

ዋናው ጥያቄ ግን ምን ይመዝገብ የሚለው ነው። በአኮስቲክ ጊታር ሣጥን ውስጥ ያለው አየር በ100 ኸርዝ አካባቢ ሬዞናንስ አለው። ስለዚህ በወፍራሙ ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ የሚገኘው የ98 ኸርዝ ኖታ ከሌሎቹ ጎልቶ ሊያገሳ ይችላል። ይህ ጠባይ መሣሪያውን ተከትሎ ስለሚጓዝ ማረሚያው ሊመዘገብ ይገባል። ፊድባክ ግን ከድምፅ ማጉያው፣ ከርቀቱና ከአዳራሹ ጋር ይለዋወጣል። በአንድ አዳራሽ የተመዘገበ ጠባብ ቅነሳ በሌላው አዳራሽ ጥፋት የሌለበትን ድግግሞሽ ያጎድላል።

ለኤሌክትሪክ ክራርም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ቅኝቱ ከትዝታ ወደ አንቺሆዬ ሲዞር የክሮቹ ድግግሞሽ ይለወጣል፤ የድምፅ ሣጥኑ ሬዞናንስ ግን አብሮ አይዞርም። ስለዚህ በየቅኝቱ መለዋወጥ የሚኖርበት የማጣሪያው ማዕከል ሳይሆን የቅነሳው ጥልቀት ነው፤ ይህም በሬዞናንሱ ላይ የሚያርፍ ክር መኖር አለመኖሩን ይከተላል። ሣጥኑ በቆዳ የተለበጠ ከሆነ፣ ቆዳው በእርጥበት ስለሚላላ ማዕከሉን በየጊዜው መፈተሽ ያሻል።

እንግዲህ የማጣሪያ ክፍሎቹን ለሁለት መመደብ ይበጃል፦ ከፊሎቹ ለመሣሪያው ተመዝግበው ይቀመጡ፤ የቀሩት በየአዳራሹ የድምፅ ፍተሻ ጊዜ እንዲስተካከሉ ክፍት ይተዉ። ኢኳላይዘር ያለውን ድምፅ ያመዛዝናል እንጂ ክሩ ያላወጣውን ድግግሞሽ አይፈጥርም።