የልጆች አጥንት፣ መገጣጠሚያና ጡንቻ፦ የሚተወውና የማይተወው

ወላጆች ስለ ልጆቻቸው እግር ከሚጨነቁባቸው ነገሮች አብዛኞቹ በሽታ አይደሉም። ዕድሜ ልክ የሚያሰናክሉት ደግሞ ብዙ ጊዜ «ወለምታ ነው፣ ይሻለዋል» ተብለው የታለፉት ናቸው። የልጆችን አጥንት፣ መገጣጠሚያና ጡንቻ ችግሮች ስንቃኝ ከዚህ የተገላቢጦሽ ጭንቀት ብንነሣ ይሻላል።

አራስ ሁሉ እግሩ ወደ ውጭ ጎበጥ ያለ ነው። 2 ዓመት ገደማ ሲሞላው ቀጥ ይላል። ከዚያ ወደ ተቃራኒው ይሄድና በ3 እና በ4 ዓመቱ ጉልበቶቹ ይነካካሉ፣ ቁርጭምጭሚቶቹ ይራራቃሉ፤ 7 ዓመት ገደማ ሲሆነው የአዋቂን ቅርፅ ይይዛል። ልዩ ጫማም ሆነ መታሸት አያስፈልገውም። ጠፍጣፋ ውስጥ እግርም እንዲሁ ነው፤ ልጁ በጣቶቹ ሲቆም ጎድጎድ የሚል ከሆነና ካላመመው መተው ነው። ለዚህ ተብሎ የሚሸጠው ውድ የጫማ ንጣፍ ገንዘብ ማባከኛ ነው። ማታ ማታ «እግሬን» እያለ የሚያለቅስ፣ ጠዋት ግን ምንም እንዳልነበረ ሆኖ የሚሮጥ ልጅም አያስደነግጥ፤ ከ3 እስከ 12 ዓመት ባሉት ላይ የተለመደ ሲሆን የሚሰማውም በሁለቱም ጭንና ባት ላይ ነው። ሕመሙ በአንድ እግር ብቻ ከሆነ፣ መገጣጠሚያ ላይ ካረፈ፣ ወይም ጠዋት ካስነከሰው ግን ሌላ ነገር ነው።

ከ2 ዓመት በኋላ እየባሰ የሚሄድ ጉብጠት ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በቫይታሚን ዲ እጥረት አጥንት የሚለሰልስበት ሪኬትስ ነው። በአሥራ ሦስት ወር ፀሐይዋ በምትታወቅ አገር መኖሩ ግር ያሰኛል፤ ምክንያቱ ግን ቤታችን ውስጥ ነው። ሰውነት ቫይታሚን ዲን በዋናነት የሚሠራው ፀሐይ ቆዳን ሲነካው ነው፤ የእናት ጡት ወተት ለሕፃን ተወዳዳሪ ባይኖረውም የዚህ ቫይታሚን ድርሻው ትንሽ ነው። ምች ይመታዋል፣ የሰው ዓይን ያርፍበታል ተብሎ ተሸፋፍኖ ጓዳ የሚያድግ ሕፃን ቫይታሚኑን ከየት ያምጣው? ኮንዶሚኒየም ውስጥ በመስኮት መስታወት በኩል የምትገባው ፀሐይም አትረዳም፤ የሚፈለገውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። ምልክቶቹ ቀስ ብለው ነው የሚመጡት፦ እርግብግቢቱ ሳይገጥም ይቆያል፣ ጥርሱ ይዘገያል፣ የእጁ አንጓ ይወፍራል፣ ጡንቻው ይላላል፣ መቆምና መሄድ ይዘገይበታል። ጉዳቱ ደግሞ በእግር አያበቃም። በአዲስ አበባው የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት የሳንባ ምች የያዛቸውን 500 ሕፃናት ካልያዛቸው 500 ጋር አነጻጽሮ ነበር። ሪኬትስ የተገኘው ከታመሙት በ210፣ ካልታመሙት በ20 ላይ ነው። የለሰለሰ የጎድን አጥንትና የላላ ጡንቻ ይዞ አጥብቆ ማሳል አይቻልም፤ አክታው ሳንባ ውስጥ ይቀራል። ሕክምናው ቫይታሚን ዲና ካልሲየም ነው፤ በጊዜ ከተጀመረ አብዛኛው ጉብጠት ያለ ቀዶ ጥገና ይቃናል።

ሲወለድ ጀምሮ ከሚታዩት ቀዳሚው ቆልማማ እግር ነው። ከ1,000 ሕፃናት በአንዱ ገደማ ላይ ይከሰታል፤ በወንዶች ላይ እጥፍ ያህል ይበዛል። እርግማን ነው ብሎ ልጁን የሚደብቅ ቤተሰብ አሁንም አለ። ቀድሞ ሕክምናው ሰፊ ቀዶ ጥገና ነበር፤ እግሩ ቢቃናም ልጁ ሲያድግ ይገትረውና ያመው ነበር። ይህን የለወጡት ስፔን ተወልደው በአሜሪካ አይዋ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ኢግናሲዮ ፖንሴቲ ናቸው። በእሳቸው ዘዴ ሐኪሙ እግሩን በእጁ ቀስ አድርጎ እያቃና በጀሶ ይይዘዋል፤ ጀሶው በየሳምንቱ ይለወጣል፤ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 7 ዙር ይበቃል። በመጨረሻ በአብዛኞቹ ሕፃናት የተረከዙ ጅማት በትንሽ ቀዳዳ ይቆረጥና ለ3 ሳምንት ሌላ ጀሶ ይደረጋል። ፈተናው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በዘንግ የተያያዘ ጫማ ለ3 ወር ቀንና ሌሊት፣ ከዚያም እስከ 4 ወይም 5 ዓመት በእንቅልፍ ሰዓት መደረግ አለበት። እግሩ መቃናቱን ያየ ቤተሰብ ጫማውን ይተወዋል፣ እግሩም ተመልሶ ይቆለመማል። አዲስ አበባ ያለው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታልና በየክልሉ ያሉ ክሊኒኮች ሕክምናውን ይሰጣሉ፤ ጫማውን በየሌሊቱ የማድረጉ ሥራ ግን የእናትና የአባት ነው።

የዳሌ ነገር ትንሽ ይለያል። ሲወለድ ጀምሮ የጭን አጥንት ራስ ከማረፊያው ውጭ የሚሆንበት ችግር ሕፃናት በሚታዘሉባቸው የአፍሪካ አገሮች ብዙ አይታይም፤ አንቀልባን ላመስግን፦ በእናቱ ጀርባ ላይ ጭኑን ከፍቶ የታዘለ ሕፃን ዳሌው በትክክለኛ ቦታው ያድጋል። እግርን አቅንቶ አጥብቆ መጠቅለል ተቃራኒውን ይሠራል። ከፍ ሲሉ ደግሞ ሌሎች ይመጣሉ፦ ከ4 እስከ 8 ዓመት ባሉ፣ በተለይ በወንዶች ላይ የጭን አጥንት ራስ ደም አጥቶ የሚሞትበት የፔርተስ በሽታ፣ በአፍላ ዕድሜ ደግሞ በተለይ ክብደት በበዛባቸው ላይ የዚሁ አጥንት ራስ መንሸራተት። ሁለቱም ሕመማቸውን ብዙ ጊዜ ጉልበት ላይ ነው የሚያሰሙት። ልጁ እያነከሰ የጉልበቱ ራጅ ንጹሕ ከሆነ፣ ዳሌውን ያላየ ሐኪም ሥራውን አልጨረሰም።

በአስቸኳይነቱ ግን የመገጣጠሚያና የአጥንት ኢንፌክሽንን የሚያህል የለም። ባክቴሪያው፣ ብዙ ጊዜ ስታፊሎኮከስ፣ በደም ተጉዞ ረጅም አጥንቶች ጫፍ ላይ ወይም መገጣጠሚያ ውስጥ ይቀመጣል። ልጁ ትናንት ሲሯሯጥ ወድቋል፤ ዛሬ አተኩሶታል፣ እግሩንም አላስነካ ብሏል። ቤተሰቡ መውደቁን ያስታውሳል፣ ትኩሳቱን ለጉንፋን ይሰጠዋል፤ ልጁም ይታሻል። ዳሌ ውስጥ የተቋጠረ መግል ግን መገጣጠሚያውን በቀናት ውስጥ ይበላዋል። መግሉ በቀዶ ጥገና ወጥቶ አንቲባዮቲክ በደም ሥር ካልተሰጠ እግሩ አጥሮና ተገትሮ ይቀራል፤ አጥንት ውስጥ የቆየው ደግሞ ለዓመታት መግል ያፈስሳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራጅ ምንም ላያሳይ ስለሚችል «ራጁ ደህና ነው» መባሉ ብቻ አያሳርፍም። ትኩሳት ያለውና በእግሩ አልረግጥ ያለ ልጅ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት።

ሕመሙ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያም ወደ ክርን የሚዘዋወር ከሆነና ልጁ ከ2 ወይም ከ3 ሳምንት በፊት ጉሮሮውን አሞት ከነበረ የሩማቲክ ትኩሳት ይጠረጠራል። መገጣጠሚያዎቹ ይድናሉ፤ የልብ ቫልቮች ግን ሊበላሹ ይችላሉ። ደህና የሚመስል ልጅ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ፔኒሲሊን ለዓመታት የሚወጋው ለዚህ ነው። መገጣጠሚያው ከ6 ሳምንት በላይ አብጦ ጠዋት ጠዋት የሚገትረው ልጅ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው፤ ይህ የልጆች የመገጣጠሚያ ብግነት ሊሆን ይችላል፤ ዓይንንም ያለ ሕመም ስለሚያጠቃ የዓይን ምርመራ ይጨመርበታል።

ወደ ጀርባ ስንመጣ፣ ምክንያቱ የማይታወቀው የአከርካሪ መጣመም በአፍላ ዕድሜ ባሉ ሴቶች ልጆች ላይ ይበዛል። በእኛ አገር የአከርካሪ ቲቢም አለ፤ አጥንቱን በልቶ ሾል ያለ ጉብጠት ያስከትላል፣ እግርንም ሊያሽመደምድ ይችላል። አዲስ አበባ ለዓመታት የሠሩት አሜሪካዊው ሐኪም ሪክ ሆድስ እንዲህ ያሉ ልጆችን አክራ፣ ጋና ወዳሉት የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም ኦሄኔባ ቦአቺ-አጄ በመላክ ይታወቃሉ።

የጡንቻ በሽታዎች ብርቅ ናቸው፤ ዱሼን የተባለው በወንዶች ልጆች ላይ የሚታየው ግን መታወቅ አለበት። ልጁ ከመሬት ሲነሣ ጭኖቹን በእጁ እየደገፈ ይወጣል፣ ባቱ ይወፍራል፣ ደረጃ ይከብደዋል። ሌላው ሰው ሠራሽ ነው፦ ሕፃን ቂጡ ላይ ያለ ቦታው ሲወጋ ነርቩ ይጎዳና እግሩ ይልፈሰፈሳል። የሕፃን መርፌ ቦታው የጭኑ ውጫዊ ጎን ነው፤ ወላጅ ይህን ለመጠየቅ ማፈር የለበትም።

የቀረው ስብራት ነው። የልጅ አጥንት እንደ እርጥብ እንጨት በአንድ ወገን ተሰንጥቆ በሌላው ይጎብጣል፤ ቶሎም ይገጥማል። የወጌሻ ዝና ከፊሉ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፤ ብዙው የልጅ ስብራት ማንም ቢያስረው ይድናል። ወጌሻን ማጣጣሌ አይደለም፤ ሆስፒታል በራቀበት ገጠር ያለው እሱ ነው። አደጋው ቀርከሃውና ጠበቅ ተደርጎ የሚታሰረው ጨርቅ ላይ ነው። በተለይ ከክርን በላይ የተሰበረ እጅ ሲያብጥ ማሰሪያው አይለቅለትም፣ ደሙ ይታገዳል፤ 6 ሰዓት ገደማ ከቆየ ጡንቻው መሞት ይጀምራል። መጨረሻው ጋንግሪን፣ ከዚያም መቆረጥ ሊሆን ይችላል። የኢትዮጵያ የአጥንት ሐኪሞች በዚህ ላይ ደጋግመው ጽፈዋል። የታሰረ ልጅ ሕመሙ እየባሰ ካለቀሰ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ፣ ጣቱን ሲያቃኑለት ከጮኸ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ማሰሪያውን ፍቱና በዚያው ሌሊት ሆስፒታል አድርሱት።