ጉድጓዱ ወንዙን ለምን ተሻገረ? በብራውዘር የሚከፈት ካርታ አሠራር

ካርታ ለረጅም ዘመን በባለሙያ እጅ ብቻ የሚዘጋጅ፣ በወረቀት ታትሞ በመሳቢያ የሚቀመጥ ሰነድ ነበር። ዛሬ ግን ኮምፒውተርና የኢንተርኔት መስመር ያለው ተማሪ ሁሉ ያለ አንዳች የፈቃድ ክፍያ በብራውዘር የሚከፈት ካርታ ሊሠራ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የአንድ ወረዳ የውሃ ጉድጓዶችን የሚያሳይ ካርታ ለመሥራት ያደረግነውን ሙከራ መነሻ አድርገን አሠራሩን እንገልጻለን፤ የፈጸምነውንም ስሕተት አንሸሽግም።

ሥራው ሦስት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው የመረጃ ቋት ነው። ለዚህም ፖስትግሬስኪውኤል የተባለውን ቋት፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ከወጣው ፖስትጂአይኤስ ከተባለው ተጨማሪ ክፍል ጋር መረጥን። ተራ ቋት ስምንና ቁጥርን ይመዘግባል፤ ፖስትጂአይኤስ ግን ነጥብን፣ መስመርንና ቅርጽን ስለሚለይ «ከዚህ ትምህርት ቤት በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ የትኞቹ ጉድጓዶች ይገኛሉ?» ለሚል ጥያቄ መልስ ይሰጣል።

ሁለተኛው ክፍል ሰርቨሩ ነው። ጂኦሰርቨር የተባለው ፕሮግራም መረጃውን ከቋቱ አውጥቶ ብራውዘሩ በሚያነበው መልክ ያቀርባል። ሦስተኛው በብራውዘሩ ውስጥ የሚሠራው ኦፕንሌየርስ ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ፣ በጃቫስክሪፕት የተጻፈ መሣሪያ ነው። የሦስቱም ኮድ ለማንም ክፍት ነው። ለጀርባ ካርታነት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 በብሪታንያ የተጀመረውንና በጎ ፈቃደኞች የሚያዘጋጁትን ኦፕንስትሪትማፕን ተጠቀምን።

የጀርባው ካርታ እንደ አንድ ትልቅ ሥዕል አይመጣም፤ 256 በ256 ፒክስል በሆኑ ቁራጮች የተከፋፈለ ነው። በደረጃ 0 ዓለም በሙሉ በ1 ቁራጭ ትያዛለች። አንድ ደረጃ በቀረብን ቁጥር እያንዳንዱ ቁራጭ በ4 ስለሚከፈል በደረጃ 10 ቁራጮቹ 1,048,576 ይሆናሉ። ብራውዘሩ የሚያመጣው ግን በመስኮቱ የሚታዩትን ብቻ ስለሆነ ካርታው በደካማ መስመርም ይከፈታል።

ካርታችን ተከፈተ፤ ያማረም ነበር። ይሁን እንጂ ከወንዙ በስተምሥራቅ መኖሩን በዓይናችን ያየነው ጉድጓድ በምዕራቡ ዳርቻ ተቀምጦ አገኘነው። ኮዱን ደጋግመን መረመርን፤ እንከን አልነበረውም። ስሕተቱ ያለው እኛ ባልጠረጠርነው ስፍራ ነበር።

ምድር ፍጹም ክብ አይደለችም። ስለዚህ አንድን ቦታ በቁጥር ከመግለጻችን በፊት በምድር ሞላላ ቅርጽ መጠንና አቀማመጥ ላይ መስማማት አለብን። ጂፒኤስ ደብልዩጂኤስ 84 በተባለው ስምምነት ይሠራል። የቀድሞዎቹ የኢትዮጵያ ባለ 1፡50,000 ካርታዎች ግን በግብጽና በሱዳን ድንበር አካባቢ ከሚገኝ የመለኪያ ነጥብ ስሙን ባገኘው በአዲንዳን ሥርዓት የተዘጋጁ ናቸው። ያ የጉድጓድ ቁጥር ከእነዚህ ካርታዎች ከአንዱ የተቀዳ ነበር፤ እኛ ግን የጂፒኤስ ቁጥር አድርገን አስገባነው። በዚህም ምክንያት ነጥቡ ከ200 ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ምዕራብ ተንሸራተተ።

መድኃኒቱ ሁለት እርምጃ ነው። በመጀመሪያ የቁጥሩን እውነተኛ ሥርዓት ለቋቱ መንገር ያስፈልጋል፤ የአዲንዳን 37ኛ ሰሜናዊ ዞን መለያ 20137 ነው። ቀጥሎ ቋቱ ቁጥሩን ወደ ደብልዩጂኤስ 84 እንዲለውጠው ማዘዝ ነው። ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም፤ መለያውን ብቻ መቀየር በከረጢት ላይ ያለውን ጽሑፍ እንደ መቀየር ነው፤ ውስጡ ያው ይቀራል። ከዚያ በኋላ ጂፒኤስ ይዘን ወደ 3 ጉድጓዶች በእግር ሄድን፤ ነጥቦቹም በጥቂት ሜትሮች ልዩነት ተገኙ።

የተበላሸ ፕሮግራም ራሱን ያጋልጣል፤ ያለ ቦታው የተቀመጠ ነጥብ ግን ዝም ይላል። ፓምፕ ሊጠግን የተላከ ሠራተኛ በክረምት ከሞላ ወንዝ ማዶ ቢቆም ጥፋቱ የመሣሪያው ሳይሆን የእኛ ነው። እንግዲህ መስክ የምትወጡ ተማሪዎች ሁሉ፣ ቁጥሩን በመዘገባችሁ ጊዜ ቁጥሩ የተለካበትን ሥርዓት በአጠገቡ መጻፍ አትርሱ።