አንድ ከተማ፣ ሁለት ካውንቲ፦ የታሰረ ሰው መዝገብ የት ይገኛል?



ውድ አድማጮቻችን፣ ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ በአውሮራ ከተማ የሚኖሩ ቤተሰቦችን የሚመለከት ነው። ልጅ ወይም ወንድም በፖሊስ ተያዘ ይባላል። ቤተሰብ ወደ እስር ቤት ሲደውል «በዚህ ስም የተመዘገበ ሰው የለም» የሚል መልስ ያገኛል። ያን ጊዜ እናት ልጄ ደብዛው ጠፋ ብላ ትጨነቃለች። መልሱ ግን ሰውየው አልታሰረም ማለት ላይሆን ይችላል። የተጠየቀው የሌላው ካውንቲ እስር ቤት ሊሆን ይችላልና።

ካውንቲ በአገራችን ከወረዳ ወይም ከዞን ጋር የሚቀራረብ አስተዳደር ነው። የራሱ ሸሪፍ፣ እስር ቤትና ፍርድ ቤት አለው። አውሮራ በ2020 ቆጠራ ከ386 ሺህ በላይ ሕዝብ የነበራት ትልቅ ከተማ ስትሆን፣ በዋናነት በአራፓሆና በአዳምስ ካውንቲዎች ላይ ተዘርግታለች፤ ጥቂት ክፍሏም ዳግላስ ካውንቲ ውስጥ ይገባል። በጥቅሉ ከኮልፋክስ ጎዳና በስተሰሜን ያለው ሰፈር የአዳምስ፣ በስተደቡብ ያለው ደግሞ በአብዛኛው የአራፓሆ ነው።

የከተማዋ ፖሊስ አንድ ነው። ከባድ ክስ ሲሆን ግን ጉዳዩ የሚሄደው ድርጊቱ ተፈጸመ ወደተባለበት ካውንቲ እንጂ ተጠርጣሪው ወደሚኖርበት አይደለም። ቤቱ በደቡብ ሆኖ በሰሜን የተያዘ ሰው በአዳምስ ሊገኝ ይችላል። የአራፓሆ እስር ቤት ሴንቴኒያል ከተማ፣ የአዳምስ ደግሞ ብራይተን ከተማ ነው። ሁለቱም ሸሪፎች የእስረኞችን ዝርዝር በኢንተርኔት ስለሚያሳዩ ሁለቱንም መፈለግ ይገባል። የከተማውን ደንብ በመተላለፍ የሚቀርብ ቀላል ክስ ደግሞ በከተማው በራሱ ፍርድ ቤት ይያዛል። በኢሚግሬሽን የተያዘ ሰው ከነዚህ ዝርዝሮች ውስጥ ላይገኝ ይችላል። እሱን ለመፈለግ የፌዴራሉ መንግሥት የራሱ የኢንተርኔት መፈለጊያ አለው፤ የኢሚግሬሽን ቁጥሩን ወይም ሙሉ ስሙን ከትውልድ አገሩ ጋር ይጠይቃል።

ሌላው እንቅፋት ስማችን ነው። «ሙሐመድ» የሚለው ስም ብቻውን በላቲን ፊደል በብዙ ዓይነት ይጻፋል። እኛ የአያት ስም የምንለውን እነሱ የቤተሰብ ስም አድርገው ይመዘግባሉ። ስለዚህ በመኖሪያ ወረቀቱ ወይም በመንጃ ፈቃዱ ላይ እንዳለው አድርጎ መፈለግ፣ ካልተገኘም ሌሎቹን አጻጻፎች መሞከር ያስፈልጋል። በስደት የገቡ ብዙ ወገኖቻችን የልደት ቀናቸው ጃንዋሪ 1 ተብሎ ስለተመዘገበ፣ ስምና ልደት መመሳሰሉ ብቻ ያ ሰው እሱ ነው አያሰኝም።

የቆየ መዝገብ ለሚፈልግ የኮሎራዶ የምርመራ ቢሮ የጣት አሻራ የተሰጠበትን እስር ከመላው ግዛቱ ሰብስቦ ይይዛል። ማንኛውም ሰው ስምና የልደት ቀን አቅርቦ፣ ክፍያ ከፍሎ መጠየቅ ይችላል። በዚህ መንገድ ካውንቲ ከካውንቲ መንከራተት ይቀራል። ይሁን እንጂ አሻራ ያልተወሰደበት ክስ እዚያ አይታይም፤ የክሱ መጨረሻም ሁልጊዜ ተሟልቶ አይገኝም። ፍርዱን ለማወቅ ጉዳዩን ያየውን ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት መጠየቅ ነው። ለአራፓሆ 18ኛው፣ ለአዳምስ 17ኛው የዳኝነት ወረዳ ናቸው።

ውድ ወገኖቻችን፣ መታሰር ጥፋተኛ መባል አይደለም። ሰው ተይዞ ክስ ሳይመሠረትበት ሊለቀቅ፣ ተከስሶም ነጻ ሊወጣ ይችላል። እንዲህ ያለ መዝገብ በሕግ ሊታሸግ ይችላል፤ ከታሸገ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ለጠያቂ «ለሕዝብ የሚታይ መዝገብ የለም» ብሎ ይመልሳል። የግል ድረ ገጾች ግን አሮጌውን ይዘው ሊቆዩ፣ የአንዱን ስም ከሌላው ሊያደባልቁም ይችላሉ። ለጋብቻ ስለ ሰው የሚያጠያይቅ ቤተሰብ ከእንዲህ ያለ ገጽ ላይ አንድ መስመር አንብቦ ቢፈርድ፣ የአንድን ንጹሕ ሰው ስም ሊያጠፋ ነው።

እንግዲህ ሁለቱንም ካውንቲ ጠይቁ፣ ስሙን በየአጻጻፉ ፈልጉ፣ የክሱን መጨረሻ ሳታዩ ወሬውን አታውሩ። ጉዳዩ ከባድ ከሆነም ጠበቃ ማማከርን አታዘግዩ።