እንዝርትና መንጠቆ

እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ስለ ዓሣ ማጥመጃ ክር መጠምዘዝ ለመጻፍ ምን አገባን የሚል ቢኖር፣ መልሳችን ከእናቶቻችን እንዝርት ላይ ነው። በጎንደር ያደገ ሁሉ ፈትል አይቷል። እንዝርቱ ሲሾር ክሩ ይከርራል። ያንን የከረረ ክር ለአንድ አፍታ ብናላላው በራሱ ላይ ተጥቀልሎ ይቋጠራል። የአጥማጁም ችግር ይኸው ነው።

በላባ የተሠራ ሰው ሠራሽ ዝንብ ይዞ ማጥመድ የራሱ ዘዴ አለው። ከወፍራሙ ገመድ ጫፍ እየቀጠነ የሚሄድ የናይለን ክር ይታሰራል፤ በመጨረሻው ቀጭን ክር ላይ ዝንቡ ይንጠለጠላል። ከኬንያ መጥቶ በባሌ ወንዞች የተለቀቀው ትራውት በዚህ ዓይነት ይጠመዳል። ዝንቡ ሲወረወር ላባው ወደ አንድ ወገን ካደላ እንደ አውሮፕላን መዘውር ይሾራል። ያን ጊዜ ዝንቡ እንዝርት ሆነ ማለት ነው። ሲከር ይበጠሳል እንዲሉ፣ ትልቅ ዓሣ ሲጎትት ክሩ ከቋጠሮው ላይ ይበጠሳል፤ ዓሣውም መንጠቆውን በአፉ እንደ ያዘ ይሄዳል።

በጣና ነገሩ ይብሳል። ከሐይቁ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች 8ቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ ናቸው። ስለዚህ በጎርጎራ ዳርቻ እነርሱን የሚሻ ሰው ትንሽ ዓሣ የሚመስል ትልቅ ላባ ያስራል፤ ትልቅ ላባ ደግሞ ብዙ ነፋስ ይይዛል።

እንግዲህ መከላከያው እንዝርቱ እንዳይሾር ማድረግ ነው።

አንደኛ፣ ከመወርወር በፊት ዝንቡን በውኃ ውስጥ እየጎተቱ ማየት፤ የሚሾር ከሆነ የበዛውን ላባ መከርከም ወይም የተጣመመውን ቋጠሮ እንደገና ማሰር።

ሁለተኛ፣ ክሩን ለዝንቡ መመጠን፤ ለትልቅ ዝንብ ወፈርና አጠር ያለ ክር በቀላሉ አይከርርም።

ሦስተኛ፣ በአየር ላይ ደጋግሞ አለማወናጨፍ፤ ዝግ ብሎ ጥቂት ጊዜ ወርውሮ ውኃው ላይ ማሳረፍ።

ክሩ አስቀድሞ ከርሮ ከሆነስ? ዝንቡን ፈትቶ ባዶውን ክር በወራጅ ውኃ ላይ መልቀቅ፣ በሐይቅም ከሆነ ከምትሄድ ታንኳ ኋላ ማስጎተት ነው። ጫፉ ነፃ ስለ ሆነ ክረቱ በራሱ ይፈታል። የተቋጠረውን ግን ይስተካከላል ብሎ መሳብ አይገባም፤ መሳብ ቋጠሮውን ያጠብቀዋልና ያንን ክፍል ቆርጦ መጣል ይሻላል።

መጣል ስንል ግን ከዳርቻው ላይ አይደለም። የጥጥ ክር ይበሰብሳል፤ ናይለን ግን ለብዙ ዓመታት ሳይበሰብስ ቆይቶ የወፎችን እግር ያስራል። ስለዚህ ቁራጩን ጠቅልሎ በኪስ ይዞ መመለስ ነው።