ሦስት ቤት፣ ውሃ፣ መብራትና ስልክ፦ ማንም የማይፈታው እንቆቅልሽ

ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ከላይ ሦስት ቤቶች በአንድ ረድፍ ሣሉ። ከታች ሦስት ክቦች ሣሉና ውስጣቸው «ውሃ»፣ «መብራት»፣ «ስልክ» ብላችሁ ጻፉ። አሁን እያንዳንዱን ቤት ከሦስቱም ጋር በመስመር አገናኙ። በድምሩ ዘጠኝ መስመር መሆኑ ነው። መስመሩ እንደፈለገ ይጠማዘዝ፣ ዞሮ ከቤቱ ኋላ ይምጣ፣ ችግር የለም። የተከለከለው ሁለት መስመር መቆራረጥና መስመርን በሌላ ቤት ወይም ክብ ውስጥ ማሳለፍ ብቻ ነው።

ከመቀጠላችሁ በፊት እስቲ አምስት ደቂቃ ሞክሩት። ስምንቱ መስመር ይሄድላችኋል። ዘጠነኛው ላይ ግን የሆነ ነገር መንገዱን ይዘጋባችኋል።

ይህችን ጥያቄ መጀመሪያ የሰማኋት ሳንሱሲ፣ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ማታ መብራት ሲጠፋ የሰፈር ልጆች አንድ ደጃፍ ላይ ተሰብስበን እንቆቅልሽ እንጫወት ነበር። ደንቡን ታውቁታላችሁ፤ ጠያቂው «እንቆቅልህ» ይላል፣ እናንተ «ምን አውቅልህ» ትላላችሁ፣ መልሱ ከጠፋችሁ «አገር ስጠኝ» ይመጣል። አገር ከሰጣችሁ በኋላ የሚወርድባችሁን ስድብ መቻል ነው። አንድ ምሽት ዘጠነኛ ክፍል የደረሰ ጎረቤታችን የደብተሩን ጀርባ በሻማ ብርሃን አሳየን፤ ሦስት ቤት፣ ሦስት ክብ። ያን ዕለት ጎንደርን ሰጠሁት። በማግስቱ ሐረርን። ሳምንት ሳይሞላ ጅማም፣ መቀሌም፣ ድሬዳዋም ሄዱ። የሒሳብ ደብተሬ የኋላ ገጾች በሙሉ በመስመር ተሞሉ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ «በቃ ጭንቅላቴ አይሠራም» ብዬ ደምድሜ ነበር። ሁላችንም ልጁ መልሱን እንደሚያውቅ እርግጠኞች ነበርን።

ዛሬ ያው ጥያቄ በስልክ ከሰው ወደ ሰው ይዞራል፤ ብዙ ጊዜም «የሚፈታው ጎበዝ ብቻ ነው» የምትል ማባበያ ታክላበት። (ይህችን ዓረፍተ ነገር ስታዩ ጠርጥሩ።) ጎበዝም አይፈታውም። ዘጠኙን መስመር ሳያቆራርጡ በወረቀት ላይ መሣል ጨርሶ አይቻልም።

እንዴት አወቅን? ሺህ ጊዜ ሞክረን ስላቃተን አይደለም፤ ሺህ አንደኛው ሙከራ ሊሳካ ይችል ይሆናላ። መስመርን ማጠማዘዣ መንገዱ ደግሞ ስፍር ቁጥር የለውም፤ አንድ በአንድ ሞክረን አንጨርሰውም። ሁሉንም በአንዴ የሚዘጋ ምክንያት ያስፈልገናል።

ለዚህ የሚረዳን ሰው፣ በአጋጣሚ፣ ሌላ ሳንሱሲ ያውቃል። በጀርመን ፖትስዳም ከተማ ይህን ስም የያዘ ቤተ መንግሥት አለ፤ በፈረንሳይኛ «ያለ ሐሳብ» እንደማለት ነው። ያሠራው የፕራሻው ንጉሥ ታላቁ ፍሬድሪክ ነው። ስዊዘርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ሊዮናርድ ኦይለር እ.ኤ.አ. ከ1741 እስከ 1766 በርሊን ውስጥ በዚሁ ንጉሥ አካዳሚ ሲሠራ፣ ለቤተ መንግሥቱ አትክልት ስፍራ ውሃ ስለሚገፉት ፓምፖችና ቱቦዎች ስሌት እንዲሠራ ተጠይቆ ነበር። ፕሮጀክቱ ከሸፈ፤ የተመኙት ፏፏቴም በንጉሡ ዘመን አልሠራም። ንጉሡ በኋላ በሒሳብ ላይ ተሳልቋል፤ እኔ ግን እንደ መሐንዲስ ጥፋቱን በኦይለር ላይ አልጥልም። ለእኛ የሚጠቅመን እ.ኤ.አ. በ1750 ለወዳጁ ለጎልድባኽ በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ ያለ አንድ ቀላል ግኝት ነው። ኦይለር የጻፈው እንደ ኪዩብና ፒራሚድ ስላሉ ጠጣር ቅርጾች ነበር፤ ለጠፍጣፋ ሥዕልም ይሠራል።

ወረቀቱን ሜዳ ነው በሉት። ነጥቦች ችካል ናቸው፣ መስመሮች አጥር ናቸው፣ በአጥር የተከለለው ቦታ ማሳ ነው። ከአጥሩ ውጪ ያለው ሜዳም እንደ አንድ ማሳ ይቆጠራል። አጥሮቹ ካልተቆራረጡና ሁሉም ችካል ከተያያዘ፣ ችካል ሲቀነስ አጥር ሲደመር ማሳ ሁልጊዜ 2 ነው። ሦስት ማዕዘን ሣሉና ፈትሹ፦ 3 ችካል፣ 3 አጥር፣ 2 ማሳ (ውስጡና ውጪው)። 3 − 3 + 2 = 2።

ለምን ሁልጊዜ? ከአንዲት ችካል ጀምሩ። 1 ችካል፣ 0 አጥር፣ 1 ማሳ፤ ድምሩ 2። ከዚህ በኋላ ማድረግ የምትችሉት ሁለት ነገር ብቻ ነው። ወይ ከነበረ ችካል ወደ አዲስ ችካል አጥር ትስባላችሁ፤ ችካልም አጥርም በአንድ ስለሚጨምሩ ይጣፋሉ። ወይ ደግሞ ቀድሞ የነበሩ ሁለት ችካሎችን ታገናኛላችሁ፤ ያኔ አጥር በአንድ ይጨምራል፣ አንዱ ማሳ ደግሞ ለሁለት ይከፈላል፤ አሁንም ይጣፋሉ። ስለዚህ 2 ከቦታው ንቅንቅ አይልም። አጥሩ ቀጥ ቢል ቢጠማዘዝ ለቆጠራው ግድ የለውም። ስፍር ቁጥር የሌላቸውን ሙከራዎች በአንዴ የሚጠቀልልልን ይህ ነው።

አሁን ወደ ቤቶቻችን እንመለስ። አንድ ጎበዝ ዘጠኙንም መስመር ሳያቆራርጥ ሣለ እንበል። ነጥቦቹ 6፣ መስመሮቹ 9 ናቸው። 6 − 9 + ማሳ = 2 እንዲሆን ማሳዎቹ የግድ 5 መሆን አለባቸው።

የአንዱን ማሳ ድንበር ተከትላችሁ በእግራችሁ ዙሩ። መስመር ያለው በቤትና በአገልግሎት መካከል ብቻ ስለሆነ ጉዟችሁ ቤት፣ አገልግሎት፣ ቤት፣ አገልግሎት እያለ ይፈራረቃል። በሦስት መስመር ወደ ተነሣችሁበት መመለስ አትችሉም፤ ፈረቃው አይገጥምም። በሁለትም አይሆንም፤ አንድን ቤት ከውሃ ጋር የሚያገናኙ ሁለት መስመሮች የሉንማ። ስለዚህ እያንዳንዱ ማሳ ቢያንስ አራት ጎን አለው። አምስት ማሳ በአራት፣ ቢያንስ 20 ጎን።

ግን አንድ መስመር ያለው ግራና ቀኝ ብቻ ነው። ዘጠኝ መስመር በሁለት፣ 18 ጎን። ሃያ ያስፈልጋል፣ ያለን አሥራ ስምንት ነው። በቃ፣ ጎበዛችን ሥዕሉን አልሣለም፤ ሊሥልም አይችልም።

ይህን ማረጋገጫ ያየሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። አስተማሪው ሦስቱን ቤቶች ሰሌዳው ላይ ሲሥል ከኋላ ወንበር ሳቄ አመለጠኝ። በዕረፍት ሰዓት ወዲያው ለዚያ ጎረቤታችን ደወልኩና «ጎንደርን መልስ» አልኩት። ለካ እሱም መልሱን አያውቅም ነበር፤ ትምህርት ቤት አንድ ልጅ ላሊበላና ባሕር ዳርን ወስዶበት ኖሯል። መልሱን እኛ እንድናገኝለት ነበር ያመጣው! ጎንደርን መለሰልኝ፤ ድሬዳዋን ግን አልሰጥም አለ።

ጥያቄዋ ዕድሜ ጠገብ ናት። እንግሊዛዊው የእንቆቅልሽ ደራሲ ሄንሪ ዱደኒ እ.ኤ.አ. በ1913 «ስትራንድ» በተባለው መጽሔት ላይ አቅርቧታል። በስልክ ፋንታ የእሱ ጋዝ ነበር፤ ያኔም ቢሆን እጅግ የቆየች ናት ብሏል። እሱ የሰጠው «መልስ» አንዱን ቱቦ በአንዱ ቤት ውስጥ ማሳለፍ ነው። እኛ ሰፈር ቢሆን አገሩን አናስረክብም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1930 ፖላንዳዊው ካዚሚየርዝ ኩራቶቭስኪ ደግሞ የሚያስደንቅ ነገር አረጋገጠ። ሳይቆራረጥ ሊሣል የማይችል ማንኛውም የነጥብና የመስመር መረብ፣ ምንም ያህል ግዙፍ ቢሆን፣ በውስጡ ከሁለት ቅርጾች አንዱን ደብቋል። ከሁለቱ አንዷ የእኛዋ ባለ ሦስት ቤት ጥያቄ ናት።

ይሄ ነገር ለእኔ ሥራዬም ነው። የስልካችሁ ሰርኪውት ቦርድ ላይ ሁለት የመዳብ መስመሮች ከተነካኩ ሾርት ይሆናል። ስለዚህ ቦርዱ ላይ ቀዳዳ ይበሳና አንዱ መስመር ወደ ሌላኛው ገጽ ይሻገራል፤ በድልድይ ስር እንደሚያልፍ መንገድ ማለት ነው። ወረቀት ግን ድልድይ የለውም።

ድልድይ ያለው ነገር እቤታችሁ አለ። እናታችሁን አስፈቅዱና ጀበናውን በቾክ ሞክሩበት። ስምንቱን መስመር ሆዱ ላይ ሣሉ፤ ዘጠነኛው የግድ አንድ መስመር የሚያቋርጥበት ቦታ ላይ ሲደርስ ያ ቦታ እጀታው ስር እንዲውል አድርጉ። አንዱ መስመር በእጀታው ላይ ተሻግሮ ያልፋል፣ ሌላው በሥሩ። ምንም ሳይቆራረጥ ዘጠኙም ይገናኛሉ! እጀታው የፈጠረው ቀዳዳ ያችን 2 ወደ 0 ያወርዳታል፤ ስለዚህ 3 ማሳ ይበቃል። 3 በ4፣ 12 ጎን ነው፤ 18 እያለን ምን ቸገረን። በሲኒ ግን አትድከሙ። ሲኒያችን እጀታ ስለሌለው ለዚህ ጥያቄ ከወረቀት አይለይም።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። አምስት ጓደኛሞች አምስት ቤት አላቸው፤ እያንዳንዱ ቤት ከሌሎቹ አራት ጋር በራሱ መንገድ መገናኘት አለበት፣ መንገዶቹ አይቆራረጡም። ስንት መንገድ እንደሚያስፈልግ ቁጠሩ፤ ከዚያ ስንት ማሳ መኖር እንዳለበት አስሉ። እዚህ ላይ ቤትና አገልግሎት የሚባል ፈረቃ ስለሌለ፣ አንድ ማሳ በሦስት ጎንም ሊታጠር እንደሚችል አትርሱ። ካቃታችሁ ድሬዳዋን እቀበላለሁ።