ፊት የሌለው የወዳጅ ሥዕል
ስለ ቻርልስ ዴሙዝ «አኃዝ 5ን በወርቅ አየሁ»

«የሰው ሥዕል» ሲባል በብዙዎቻችን ኅሊና የሚመጣው የፊት መልክ ነው። ዓይንና አፍንጫ የሌለበትን ሥዕል አቅርቦ «ይህ እገሌ ነው» የሚለን ሰው ቢኖር ይቀልዳል ብለን እንስቃለን። ነገር ግን አሜሪካዊው ሠዓሊ ቻርልስ ዴሙዝ በ1928 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወዳጁን የባለቅኔውን የዊልያም ካርሎስ ዊልያምስን ሥዕል በሠራ ጊዜ ፊቱን ፈጽሞ አልሣለም። በሰሌዳው መካከል ያኖረው አንድ አኃዝ ነው፤ እርሱም 5 ቁጥር ነው። እኛም የሥዕሉን ቅጅ በመጽሐፍ ውስጥ ባየን ጊዜ መጀመሪያ ግራ ተጋብተን ነበር። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ የምንሞክረው ይህ አኃዝ እንዴት የአንድ ሰው መልክ ሊሆን እንደ ቻለ ነው።

ሁለቱ ወዳጆች የተወለዱት በአንድ ዓመት፥ በ1883 ነው። የተገናኙትም በፊላዴልፊያ ከተማ፥ ዊልያምስ ሕክምና ዴሙዝም ሥዕል ሲማሩ ነው። ዊልያምስ በ1951 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ እንደሚነግረን፥ ትውውቃቸው የተጀመረው ምግብና መኝታ በሚከራይበት አንድ ቤት ውስጥ፥ ደረቅ ፕሪም በቀረበበት ሳህን ላይ ነው። ከመማሪያ ክፍል ይልቅ በምግብ አዳራሽ ስንት ወዳጅነት እንደሚጀመር ለሚያውቅ ተማሪ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

ከትምህርት በኋላ ዊልያምስ በኒው ጀርሲ፥ ራዘርፎርድ በምትባል ከተማ ሐኪም ሆኖ በሽተኞችን እያከመ ግጥም ይጽፍ ነበር። ዴሙዝም በፔንሲልቬኒያ፥ በትውልድ ከተማው በላንካስተር ይሥል ነበር። የተለዋወጡት ግን ደብዳቤና ጨዋታ ብቻ አይደለም። ዴሙዝ በ1922 በውሃ ቀለም የሣለው የአበባ ሥዕል በዊልያምስ እጅ ነበረ፤ ዊልያምስም ከዚያው ሥዕል አንድ ግጥም አወጣ። ግጥሙ የወጣበትን «ስፕሪንግ ኤንድ ኦል» የተባለውን የ1923 መጽሐፉንም ለዴሙዝ መታሰቢያ አደረገው። እንግዲህ አስቀድሞ ሥዕል ግጥም ሆኖ ነበር፤ ቀጥሎ የምንናገረው ደግሞ ግጥም ሥዕል የሆነበትን ነው።

ዊልያምስ አንድ ቀን በሐምሌ ሙቀት በኒው ዮርክ ከሚሠራበት ክሊኒክ ወጥቶ ወደ ሌላው ሠዓሊ ወዳጁ ወደ ማርስደን ሃርትሌይ ቤት ሲሄድ፥ የደወል ጩኸትና የሞተር ጓጓታ ሰማ። ዘወር ቢል፥ በቀይ ቀለም ላይ የወርቅ 5 ቁጥር የተጻፈበት የእሳት አደጋ መኪና በመንገዱ ሲያልፍ አየ። ወዲያውም ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ አጭር ግጥም ጻፈ፤ ግጥሙም በ1921 ታተመ።

ዴሙዝ ከሰባት ዓመት በኋላ ያንን ግጥም ሲሥል መኪናውን አልሣለም፤ መንኰራኵርም ሆነ እሳት አጥፊዎች አይታዩም። የሚታዩት አንዱ በሌላው ውስጥ የተደረቡ ሦስት 5 ቁጥሮች ናቸው፤ መጠናቸውም የተለያየ ነው። ዓይናችን ከትንሹ ወደ ትልቁ ሲሄድ መኪናው ወደ እኛ የሚመጣ፥ ከትልቁ ወደ ትንሹ ሲመለስ ደግሞ የሚርቅ ይመስለናል። ከአኃዙ በስተ ኋላ ያለው ቀይ ቀለም የመኪናው አካል ነው፤ በሰያፍ የሚያቋርጡት ግራጫ መስመሮች የጨለማውን መንገድና የመብራቶቹን ጨረር ያሳስቡናል። ስለዚህ ሥዕሉ ነገሩን ሳይሆን የነገሩን ማለፍ ይዞ አስቀርቷል። ድምፅ በሥዕል ሊገባ የሚችል ከሆነ የሚገባው በዚህ መንገድ ይመስለናል።

የወዳጅነቱም ምልክት በዚያው አለ። በላይ በኩል ወዳጆቹ ይጠሩበት የነበረው «ቢል» የሚለው ስም ተጽፏል፤ «ካርሎስ» የሚለውም ጫፉ ተቈርጦ እንደ ሱቅ መብራት ይታያል። በታች ደግሞ የባለቅኔውና የሠዓሊው የስማቸው መጀመሪያ ፊደላት በአንድ ሰሌዳ ላይ ሰፍረዋል።

ሰምና ወርቅ የለመደ አንባቢ «የ5 ቁጥር ምሥጢሩ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በእኛ አስተያየት በቁጥሩ ውስጥ የተሰወረ ምሥጢር የለም፤ የመኪናው ቁጥር 5 ስለ ነበረ 5 ተባለ። ኅብር ካለ ያለው በቃሉ ላይ ነው። ግጥሙም ሥዕሉም በስማቸው ውስጥ የያዙት «ፊገር» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አኃዝም ይባላል፥ የሰው ቅርጽም ይባላል። አኃዙን የሣለ ሰውየውንም ሣለ ቢባል ስሕተት አይሆንም።

እርግጥ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ግጥሙን የማያውቅ ሰው ይህን ሥዕል አይቶ ዊልያምስን ሊያውቅ አይችልም፤ እንግዲህ እንዴት መልክ ይባላል? ተቃውሞው እውነት አለው። ቀለሙና ኀይሉ ያለ ምንም ማብራሪያ ዓይንን ይይዛሉ፤ መልክ መሆኑ ግን የሚታወቀው ወዳጅነቱን ለሚያውቅ ነው። ነገር ግን ፊትም ቢሆን ከዚህ ብዙ አይለይም። የማናውቀውን ሰው ፎቶግራፍ ስናይ መልኩን እናያለን እንጂ ማን እንደ ሆነ አናውቅም። ዴሙዝ ወዳጁ ምን እንደሚመስል አልነገረንም፤ ወዳጁ ዓለምን በምን ዓይን እንደሚያይ አሳየን።

ይህም ቀላል ስጦታ አይደለም። ዴሙዝ በዚያን ጊዜ ለብዙ ዓመት በስኳር በሽታ የሚሠቃይ ሰው ነበረ፤ ኢንሱሊን በመጀመሪያ ከተሰጣቸው በሽተኞችም አንዱ ነው። ወዳጁ ደግሞ ሐኪም ነበረ። በሥዕሉ ውስጥ ግን በሽታም ሐኪምም የለም፤ ያለው ባለቅኔው በአንድ ሌሊት መንገድ ላይ ያገኘው ደስታ ብቻ ነው።

ዴሙዝ በ1935 ሞተ። ሥዕሉም በ1949 ወደ ኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ገባ። ዊልያምስ በበኩሉ በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ ለሟቹ መታሰቢያ ረጅም ግጥም አወጣ፤ የግጥሙም ነገር ሳይክላመን የተባለ ቀይ አበባ ነው። አበባ መሣል የዴሙዝ ሙያ ነበረና፥ ባለቅኔው ወዳጁን ያስታወሰው ወዳጁ ይመለከተው የነበረውን ነገር በመመልከት ነው። ብድሩም በዚህ ዐይነት ተመለሰ።